ማሲንቆ ዘመድ አለው
ስለ ማሲንቆ የተጻፈውን ጽሑፍ እያነበብኩ «ማሲንቆ በዓለም ላይ አምሳያ የለውም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ኧረ አለው! ሳውዲ ሹፌር ሆኜ ስሠራ አንድ ማታ አሠሪዬን በረሃ ውስጥ ወደተተከለ ድንኳን ወሰድኩት። እሳቱ ዳር አንድ ሽማግሌ ረባባ የሚሉትን የአረቦች የሙዚቃ መሣሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ሳጥኑ አራት ማዕዘን ነው፣ እንደኛው በአንድ ጫፉ የቆመ አይደለም። ሌላው ግን ያው ነው፦ በቆዳ የተለበጠ፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ ጭራ የተወጠረበት ደጋን። ጣታቸውም ክሩን ነካ ያደርገዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ቆዳው ሲረግብባቸው ወደ እሳቱ ጠጋ አድርገው አሞቁት። ዓይኔን ብጨፍን ጎንደር ነኝ። ጽሑፉ ሥር በሰጠኸው አስተያየት «አረቦች ከእኛ ሰርቀው ነው» ያልከው ወንድሜ፣ እስቲ ረጋ በል። የሰሃራዎቹ ቱዋሬጎችም ኢምዛድ የሚባል ባለ አንድ ክር መሣሪያ አላቸው፤ ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። እነሱም ሰረቁን እንበል? ደግሞ እዚያ የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው። እኛ ጋ ማሲንቆውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ትዘፍናለች። ጸሐፊው ልዩነት ከፈለገ መሣሪያውን ትቶ አዝማሪ ቤቱን ቢያይ ይሻለው ነበር። በዚያ ድንኳን ሁሉም ጸጥ ብሎ ነበር የሚያዳምጠው። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚወረውር ሰው ስጠብቅ አመሸሁ፣ አንድም አልተገኘም።