ይድረስ ለክቡር የመጨረሻ ሪፖርት፣ ባሉበት መደርደሪያ

ጉዳዩ፦ ከመደርደሪያ ስለመውረድዎ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከአቧራው በስተቀር ደህና ነን። አቧራውም ቢሆን የእርስዎ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ነው። አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ የእኔ ናት። ይኸው ስድስት ዓመት እንተያያለን። እርስዎ በለጋሽ ፕሮጀክት፣ መሥሪያ ቤታችንን ያሻሽላል ተብሎ የተጻፉ ጥናት ነዎት፤ 214 ገጽ፣ ሽፋንዎ ባለቀለም። ሽፋኑ ላይ ሁለት ሰዎች እየሳቁ ይጨባበጣሉ። ማን እንደሆኑ እስከዛሬ አላወቅንም። የእኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች እንዳልሆኑ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ እኛ ጋ እንደዚያ የሚስቅ የለም።

በዚህ ስድስት ዓመት ከተማው ስንት ነገር ሆነ! ፒያሳ ፈረሰ። ካዛንቺስ ተነሣ። አራት ኪሎ ተቆፈረ፣ ተደፈነ፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራት በመብራት ሆነ። እርስዎ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ስምዎም ይገርመኛል። ከእርስዎ በፊት «የመጨረሻ ረቂቅ» ነበር። ቀጥሎ «የመጨረሻ ረቂቅ፣ የተስተካከለ» መጣ። ከዚያ «የመጨረሻው መጨረሻ» የሚል ፋይል በኢሜይል ደረሰን። በእኔ ቆጠራ እርስዎ አራተኛው መጨረሻ ነዎት።

አወላለድዎን አልረሳም። አማካሪው ከውጭ መጣ፣ አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። ክፉ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነው። እያንዳንዳችንን «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን፤ ነገርነው። ባለጉዳይ ይመላለሳል፣ ፋይል ይጠፋል፣ አንዱ ክፍል የሚሠራውን ሌላው አያውቅም አልነው። እሱም ይህንኑ አሳምሮ ጻፈልን። «የመረጃ ፍሰት ክፍተት» አለው። ፋይል መጥፋት እንዲህ ያለ የተከበረ ስም እንዳለው ያወቅነው ያኔ ነው። መፍትሔዎቹም ትክክል ነበሩ። 31 ምክረ ሐሳብ፣ አንዱም ስህተት የለበትም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ስህተት ቢሆኑማ ጥለንዎ በተገላገልን።

ከዚያ የማጽደቂያ ወርክሾፕ ተጠራ፤ ቢሾፍቱ። ለምን ቢሾፍቱ? አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ አበል የለማ! እኔም ሄጃለሁ፣ አበሉንም ፈርሜ ተቀብያለሁ፤ እዚህ ላይ ራሴን ጻድቅ አላደርግም። ጠዋቱ በመክፈቻ ንግግር አለቀ። ከሻይ በኋላ አንድ አንጋፋ ባለሙያ እጃቸውን አወጡና፣ ገጽ 3 ላይ «ሥርዓት» የሚለው ቃል በንጉሡ ሠ መጻፍ ሲገባው በእሳቱ ሰ ተጽፏል አሉ። ሌላው ተቃወሙ። ሦስተኛው ግዕዝ ጠቀሱ። ሃምሳ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ ንጉሡ ሠ አሸነፈ። በእርስዎ ታሪክ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ የሆነው ማሻሻያ እሱ ብቻ ነው።

ምክረ ሐሳብ 17 ላይ ስንደርስ ምሳ ቀዘቀዘ ተባለ። 17 ማለት እንግዲህ «ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል፣ ደመወዙንስ ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው። «ዝርዝሩ በሂደት ይታያል» ተብሎ በጭብጨባ አለፈ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር። የእኛው ተቀቅሎ ቡፌ ላይ ቀረበ።

ክቡርነትዎ ተጠርዘው የደረሱን ሰኔ 27 ቀን 2011 ነው። ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው። እስቲ ስለ ሰኔ ላጫውትዎ፣ አማካሪው ያልነገርዎት ይመስለኛል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። የሚቀጥለው ዓመት ረቂቅ በጀት ሰኔ ላይ ፓርላማ ይገባል። መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ደግሞ ከዚያ ወራት ቀድመው ነው። እርስዎ በመጡ ዕለት የእኛ ዕቅድ ተዘግቷል፣ ብሩ ተደልድሏል፣ ሰው ሁሉ የተረፈችውን በጀት ለመጨረስ ቶነርና ወረቀት እየገዛ ነው። ድግሱ ካበቃ በኋላ የመጣ እንግዳ ቢበዛ ውሃ ይሰጠዋል። ለእርስዎ መደርደሪያ ተሰጠዎት። በንብረት መቀበያው ቅጽ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ ሆኑ። በሞዴል 22 ወጪ የሚያደርግዎ ግን እስከዛሬ አልተገኘም።

የመጡበት መንገድም የራሱ ጣጣ ነበረው። የልማት አጋሮች ገንዘብ አገራችን የሚገባው በሦስት መንገድ ነው፤ ባለሙያዎቹ ቻናል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይሉታል። አንዱ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ሁለተኛው በቀጥታ ለሴክተር መሥሪያ ቤቱ ይሰጣል። ሦስተኛውን ለጋሹ ራሱ ያወጣዋል። እርስዎ የቻናል ሦስት ልጅ ነዎት። (ስሙ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይመስላል። እኛም ተመልካቾች ነበርን።)

ቻናል ሦስት ኮምፒውተር አመጣልን፣ የፋይል መከታተያ ሶፍትዌር አመጣልን፣ ሶፍትዌሩን የሚያንቀሳቅስ አንድ ቀልጣፋ ልጅም ቀጠረልን። ደመወዙ የእኛን ዳይሬክተር ያስከነዳል። ልጁ ሠራ፣ ለፋ፣ ወደድነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የልጁም ውል ተዘጋ። በእኛ መዋቅር ላይ የእሱ መደብ የለማ! ኬክ ቆርሰን ሸኘነው። በማግሥቱ ሶፍትዌሩ የይለፍ ቃል ጠየቀ። እርስ በርስ ተያየን። ኮምፒውተሩ ዛሬም አለ፤ ጸሐፊያችን አበባ አስቀምጣበታለች።

ለነገሩ የመጀመሪያው እርስዎ አይደሉም። ቢፒአር (አሠራርን ከሥሩ መቀየር ማለት ነው) መጣ፤ ግድግዳ ፈርሶ ቢሮው አዳራሽ ሆነ። ቢኤስሲ የሚሉት የውጤት ምዘና መጣ፤ ለሁላችንም ውጤት ተሰጠ፣ ሁላችንም ከ90 በላይ። ካይዘን መጣ። ካይዘንን አልሳደብም፤ በ2002 በጃፓኖች ድጋፍ በ30 ኩባንያዎች ሲጀመር የታሰበው፣ ማሽኑ ላይ የቆመው ሠራተኛ ራሱ ትንሽ ትንሹን በየቀኑ እንዲያሻሽል ነው። እኛ ጋ ሲደርስ የስቴፕለሩ ቦታ በቢጫ ፕላስተር ተከበበ። ስቴፕለሩ ጠፋ፣ ፕላስተሩ አለ።

ላንት ፕሪቸትና ማት አንድሪውስን የመሳሰሉ ምሁራን ይህን ከእባብ ጋር ያመሳስሉታል። መርዝ የሌለው እባብ የመርዛሙን ቀለም ለብሶ ይኖራል፤ መናከስ ባይችልም ይፈራል። መሥሪያ ቤትም እንዲሁ የጎበዝ መሥሪያ ቤት ቀለም ይቀባል ይላሉ። ማንዋሉ አለ፣ መዋቅሩ አለ፣ ራዕይና ተልዕኮው በር ላይ ተለጥፏል። ሥራው ብቻ ነው የቀረው። አይቆጡና፣ እኛን ያስዋበን ቀለም እርስዎ ነዎት። አለቆቻችን «ሪፎርሙ የት ደረሰ?» ሲባሉ «ሰነዱ ተዘጋጅቷል» ብለው ወደ መደርደሪያው ይጠቁማሉ። ጠያቂውም ይረካል። ቢጠፉ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ባይኖሩ ኖሮ ቢያንስ ባዶ እጃችንን መሆናችን ይታወቅ ነበር።

ውስጥዎ «ባለቤትነት» የሚል ቃል በየገጹ አለ። ቆጥሬ ደክሞኝ ተውኩት። ቃሉ የራስዎ እንዳልሆነም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለጋሾችና ተቀባዮች ፓሪስ ላይ በተስማሙባቸው 5 መርሆዎች ውስጥ የመጀመሪያው እሱ ነው። ግን ባለቤት በቃል ብዛት አይወለድም። ቤቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ጣሪያው ሲያፈስ ማን ሌሊት እንደሚነሣ ሲታይ ነው።

ከመስኮቴ ወደ ሰሜን ስመለከት እንጦጦ ይታየኛል። ባሕር ዛፉን እያየሁ በእርስዎ አዝናለሁ። እሱም እንደ እርስዎ ከባሕር ማዶ የመጣ ምክር ነበር፤ ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ማገዶ አልቆ፣ ከተማዋን ትቶ ወደ አዲስ ዓለም መሄድ ሁሉ ታስቦ ነበር። ባሕር ዛፍ መጣና ከተማዋ ባለችበት ረጋች። ለምን ያዘ? ቶሎ ያድጋላ። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣላ። የተከለው ሰው ራሱ ያነደዋል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ይሸጠዋል። ውሃ ይመጥጣል ብለን ዛሬ እንወቅሰዋለን፣ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ግን ሰው በየጓሮው የተከለው ሠልጥኖ አይደለም። ሐይቅ ዳር ሄዶም አላጸደቀውም።

ያ የድሮ ነው ካሉኝ የቅርቡን ልጥቀስልዎ። በ1995 የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን። ከመንደሩ ሴት ልጆችን መለመሉ፣ አንድ ዓመት አሠለጠኑ፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት መደቡ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። የውጭ ገንዘብም የውጭ ምክርም ገብቶበታል፣ ጉድለቱም ብዙ ነው። ነገር ግን ልጆቹ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኑ፣ በመዋቅር ላይ መደብ አላቸው። አማካሪው አውሮፕላን ላይ ሲወጣ እነሱ ሰው ቤት እያንኳኩ ነበር። እኛ በጭብጨባ ያለፍናት ምክረ ሐሳብ 17 እዚያ መልስ አግኝታለች ማለት ነው።

አሁን የሚያስከፋዎትን ልናገር። እርስዎ ከመምጣትዎ ሁለት ዓመት በፊት፣ የመዝገብ ቤታችን እትዬ በገዛ ገንዘባቸው ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዙ። በሲባጎ በሩ ላይ አንጠለጠሉት። እስክሪብቶውንም አብረው አሰሩት፤ አለበለዚያ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ሽፋኑ ላይ «ማን ወሰደ?» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልፈረመ ፋይል አያገኝም። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን «እኔንም ነው?» ቢሏቸው፣ «ጌታዬ፣ ሲጠፋ እኮ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ። ፈረሙ።

ኦዲተሮች መጡና ደብተሩን ወደዱት። ይህን ያየ ፋይናንስ ክፍል የራሱን ደብተር ሰቀለ። ግዢም ሰቀለ። ደንብ የለው፣ መመሪያ የለው፣ ጠፋብኝ ባዩ ግን ቀነሰ። እትዬ በ2014 ጡረታ ወጡ። ፈራሁ፤ እንደ ይለፍ ቃሉ አብሮ ይሄዳል ብዬ። በቦታቸው የመጣችው ልጅ ደብተሩ ሲያልቅ ሌላ ገዛች። ማንም አላዘዛትም። ፋይል ሲጠፋ የምትጠየቀው አሁን እሷ ነቻ!

አማካሪው ያን ደብተር አይቶታል። ቆሞ ፎቶ ሁሉ አንሥቶታል። ምን አለ ብዬ እርስዎ ውስጥ ፈለግሁ። አባሪ 6፣ የግርጌ ማስታወሻ፦ «ኋላ ቀር የወረቀት አሠራር፤ በዘመናዊ ሥርዓት ሊተካ ይገባል።» እትዬን ግን «ለምን ሰቀሉት?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ጠይቋቸው ቢሆን ኖሮ በ214 ገጽ ፈንታ 20 ይበቃ ነበር፤ ሶፍትዌሩም ምናልባት እሳቸው በሚያውቁት መንገድ ተሠርቶ፣ የይለፍ ቃሉ በእሳቸው እጅ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ዜናውን ልንገርዎትና ልሰናበት። ሰኞ አዲስ አማካሪ ይመጣል። ሥራው የእርስዎን አፈጻጸም ገምግሞ ሪፖርት መጻፍ ነው። ልጅ ሊወልዱ ነው ማለት ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት። መደርደሪያው ላይ በቀኝዎ ትንሽ ቦታ አለ።

አማካሪው አስቀድሞ በኢሜይል አንድ ጥያቄ ልኮልኛል፦ «ሰነዱ በሥራ ላይ ምን ያህል ጥቅም ላይ ውሏል?» መረጃ የሚገኝበትን ስለማውቅ በቀጥታ መዝገብ ቤት ወረድኩ። እትዬ እርስዎንም እንደ ማንኛውም ፋይል መዝግበዎት ነበር። የድሮዎቹን ደብተሮች ከ2011 ጀምሮ ገጽ በገጽ ገለጥኩ። አንድ ጊዜ ወጥተዋል። የወሰደው ሰው ስም የእኔ ነው፣ ፊርማውም የእኔ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2013። ምክንያት፦ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ። የተመለሰበት ቀን፦ መስከረም 20፣ ዝናቡ ሲያባራ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት