እርማት፦ የተቃዋሚ እንደራሴ ጥያቄ «ባዶ ጩኸት» አይደለም

«ተቃዋሚው አብላጫ ድምፅ ከሌለው ሚኒስትር ቢጠይቅ ምን ይፈይዳል? ባዶ ጩኸት ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ይህ ብዙዎች የሚደግሙት ስህተት ነው። ለመጠየቅ አብላጫ ድምፅ አያስፈልግም። በህንዱ የታችኛው ምክር ቤት በሎክ ሳብሃ ሚኒስትሮች በቃል የሚመልሱት ጥያቄ አለ፣ በጽሑፍ የሚመልሱትም አለ። ተቃዋሚዎችም ሁለቱንም ያቀርባሉ።

እኔ ይበልጥ የማምነው በጽሑፉ ነው። «ባለፈው ዓመት በእስር ላይ እያሉ የሞቱት ስንት ናቸው? በየትኞቹ ማረሚያ ቤቶች?» የተባለ ሚኒስትር በደጋፊዎቹ ጭብጨባ አያመልጥም። ቁጥሩን ከሰጠ ጋዜጠኛውም፣ ጠበቃውም፣ የሟች እናትም ይይዙታል። አድበስብሶ ካለፈም ማድበስበሱ መዝገብ ላይ ይቀራል። በብሪታንያማ እያወቀ ፓርላማውን ያሳሳተ ሚኒስትር ሥልጣኑን እንዲለቅ ይጠበቃል።

ሕግ ማጽደቅ ላይ ግን ልክ ነህ፤ እዚያ የሚወስነው ድምፅ ነው።