መንገዱ አለቀ ማለት ጫፍ ደረስን ማለት አይደለም!

ኧረ ባካችሁ! ጎንደር ዙሪያ ጥድና ባሕር ዛፍ የለበሰ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ የእግር መንገዱ ስላለቀ ብቻ ፎቶ ተነስቶ መውረድ ምን የሚሉት ነው? ዛፉ ስለሚከልል 50 እርምጃ ማዶ ያለው ጉብታ አይታይም እኮ። የስልክ ጂፒኤስም አያስታርቅም፤ ቅጠል ሥር ከፍታውን በ10 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር የተለካው የራዳር ካርታማ ጥቅጥቅ ባለ ደን የዛፉን አናት ከመሬቱ ይቀላቅላል! የትኛው ጉብታ እንደሚበልጥ ለማወቅ፣ ግማሽ ውኃ ያለበት ግልጽ ጠርሙስ አግድሙን በዓይናችሁ ልክ ያዙ። ጓደኛችሁ በዛፎቹ መካከል በሚታያችሁ ቦታ ማዶ ጉብታው ላይ ይቁም። ቁመታችሁ እኩል ሆኖ የውኃው መስመር ደረቱ ላይ ካረፈ፣ እሱ የቆመበት ይበልጣል። ቦታ ተቀያይራችሁ ድገሙት፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። የዛፍ ጫፍ አታወዳድሩ፣ መሬት ከመሬት ነው!