የድሬ ባቡር ጣቢያ በብርሃን ታሪኩን ይንገረን

በዓል ሲደርስ ከተሞቻችን እንዴት እንደሚያጌጡ ታውቃላችሁ። ግድግዳ ይበሳል፣ ሚስማር ይመታል፣ ባለቀለም አምፖል ይንጠለጠላል። በዓሉ ሲያልፍ ግማሹ አምፖል ተቃጥሎ ሽቦው እዚያው ይቀራል። ድሬዳዋ ከዚህ የተሻለ ይገባታል። የድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ ግንባር ላይ በፕሮጀክተር የሚሠራ የብርሃን ጥበብ እንድናይ እመኛለሁ።

አሠራሩ ደስ ይላል። መጀመሪያ ሕንፃው ይለካል። በሩም፣ መስኮቱም፣ የግድግዳው ጠርዝም ኮምፒውተር ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ምስሉ የሚሠራው በዚያ ልክ ስለሆነ ስታዩት መስኮቱ ብድግ ብሎ የተከፈተ፣ ግድግዳውም የሚራመድ ይመስላል። ለስብሰባ አዳራሽ 3 ወይም 4 ሺህ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በቂ ነው፤ ለሕንፃ ግን 20 ሺህ ሉመንና ከዚያ በላይ ብርሃን የሚሰጥ ፕሮጀክተር ያስፈልጋል። በዙሪያው ያለው መብራትም መጥፋት አለበት። ሲያልቅ ማሽኑ ይጠፋል፤ ግድግዳው ላይ አንዲት ቀዳዳ አትቀርም። ለቅርስ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

የፈረንሳዩዋ ሊዮን በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ ላይ በምታዘጋጀው የብርሃን በዓል ትታወቃለች። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1852 ነዋሪው በየመስኮቱ ሻማ ሲያበራ ነው። ፕሮጀክተሩ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እኔን የሚገርመኝ በዓሉ ከሰው ቤት መጀመሩ ነው።

የእኛም ከሰው ቤት ይጀምር። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የሄደውን ያንን መስመር ያንቀሳቀሱ አባቶች አሁንም በየሰፈሩ አሉ። ፈረንሳይኛ ጣል እያደረጉ የሚያወጉ፣ ፎቷቸውን ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡ። የወርክሾፕ ቱታ ለብሰው ከሎኮሞቲቭ ፊት የተነሱት ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ይታይ። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ እያለ የጣቢያዎቹ ስም ይለፍ። ድምፃቸው ይቀረጽ፤ የባቡሩ ፊሽካም ይሰማ። አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ዛሬ የሚያድጉ ልጆች ይህ ሕንፃ ምን እንደነበር የሚያውቁት ከወሬ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። የቢራ ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ አይውጣ። ስፖንሰር ያስፈልጋል፣ ይገባኛል፤ ስሙ በወረቀት ላይ ይጻፍለት።

«መጀመሪያ ጣሪያው ይጠገን» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ልክ ነው። ግን የተረሳ ሕንፃን ማን ይጠግናል? ሺህ ሰው ቆሞ ያየው ግድግዳ ላይ ልስኑ ሲረግፍ ጠያቂ ይኖራል።

ለድሬ ደግሞ ማታው ራሱ ይመቻል። ቀን ሙቀቱ ያስገባው ሰው ሲመሽ ወጥቶ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ይንሸራሸራል፣ ከመጋላ ሰፈርም ያለው በባጃጅ ከተፍ ይላል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ማታ ቢጀመር ጥሩ ነው። መግቢያው በነፃ፣ ጄኔሬተሩ ከወዲሁ ተዘጋጅቶ፣ የፊት ወንበሮችም ለባቡር ጡረተኞች ተይዘው።