ማስተካከያ፦ ቪየና ሁለት ሚሊዮን ስትሞላ የመጀመሪያዋ አይደለም

ስለ ቪየና ባቀረብነው ጽሑፍ የኦስትሪያ ዋና ከተማ ነዋሪ ቁጥር «በ2023 በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት ሚሊዮን አለፈ» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከተማዋ የሐብስበርግ ነገሥታት መናገሻ ሳለች፣ በ1910 በተካሄደው ቆጠራ፣ ሕዝቧ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበር። በ1918 ግዛቱ ሲፈራርስ ብዙ ቼኮች ወደ አዲሷ ቼኮዝሎቫኪያ ተመለሱ። ከ1938 ወዲህ ደግሞ ናዚዎች የከተማዋን አይሁድ አሳደዱ፤ ከ65 ሺህ የሚበልጡ የኦስትሪያ አይሁድ ተገደሉ። ይህን ሁሉ የጎደለ ሰው ሳናነሳ ስለ ዕድገት ብቻ መጻፋችን ከቁጥሩ ስህተት የከፋ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነዋሪው ወደ 1.5 ሚሊዮን ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ያደገችው በአብዛኛው ከውጭ በገቡ ሰዎች ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።