ማስተካከያ፦ ያገለገለ ሩቢዲየም ኦሲሌተርም ልኬት ያስፈልገዋል

ከቴሌኮም ጣቢያ ወጥተው በርካሽ ስለሚሸጡ ሩቢዲየም ኦሲሌተሮች (በሩቢዲየም አተም ተመርተው ቋሚ የ10 ሜጋኸርዝ ምልክት የሚያወጡ መሣሪያዎች) በስፋት የተጋራው ጽሑፍ «አቶሚክ ስለሆኑ ልኬት (ካሊብሬሽን) አያሻቸውም» ይላል። ስህተት ነው።

ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰከንድ የሚለካው በሲዚየም 133 ነው፤ 9,192,631,770 ንዝረት። በሩቢዲየሙ ብልቃጥ ውስጥ አብሮ የታሸገው ጋዝ ግን የአተሙን ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ፈቀቅ ያደርገዋል፤ ከዕድሜ ጋርም ይንሸራተታል። የአምራቾች የቴክኒክ መመሪያ የማስተካከያ ብሎን ወይም የቮልቴጅ መግቢያ የሚያሳየው ለዚሁ ነው። ብዙዎችን የሚያታልለው የ«ሎክ» ምልክት ነው፤ ዑደቱ አተሙን መያዙን እንጂ 10 ሜጋኸርዙ ልክ መሆኑን አይናገርም።

የአንድ ቢሊዮንኛ ስህተት በቀን 86.4 ማይክሮሰከንድ ያዛንፋል። በዚያ የተሳሳተ ጽሑፍ ተመርቶ ፍሪኩዌንሲ ካውንተሩን (የፍሪኩዌንሲ መለኪያውን) ያስተካከለ ሰው ሥራውን ይድገመው።

አሠራሩ፦ መሣሪያውን ከሙቀት ማስወገጃ ብረት ጋር አጥብቆ ማሰር፣ አንድ ቀን ሳያጠፉ ማቆየት፣ ከዚያ የጂፒኤስ መቀበያ በየሰከንዱ ከሚሰጠው ምት ጋር በታይም ኢንተርቫል ካውንተር (በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ በሚለካ መሣሪያ) ማወዳደር። አንዱ ምት በአሥር ናኖሰከንዶች ስለሚዋዥቅ የደቂቃዎች ንጽጽር ዋጋ የለውም። በ24 ሰዓት 864 ናኖሰከንድ ፈቀቅ ካለ ስህተቱ ከመቶ ቢሊዮን አንድ ነው። ብሎኑን በጥቂቱ ነክቶ እንደገና ሌላ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው።