ኢንተርኔትን የዘረጋው ውልና ገንዘብ እንጂ ፍራክታል አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የቴክኖሎጂ ውይይት ላይ «የኢንተርኔት አወቃቀር ፍራክታል ነው፤ የኔትወርክ ዕቅዳችንም ከዚህ ጂኦሜትሪ መነሳት አለበት» የሚል ንግግር ተደርጎ አዳራሹ አጨበጨበ። ፍራክታል የሚባለው እያንዳንዱ ክፍሉ ሙሉውን የሚመስል፣ በየመጠኑ ራሱን የሚደግም ቅርጽ ነው። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው አንድ ሥዕል ነበር፦ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ራሱ ትንሽ ዛፍ የሚመስልበት የኢንተርኔት ካርታ።

ይህ ማስረጃ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል የተጀመረውን ጨምሮ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ካርታዎች የተሠሩት ከአንድ ቦታ የሙከራ መልእክት ወደ ዓለም ሁሉ እየተላከ፣ ያለፈበት መንገድ እየተመዘገበ ነው። ከአንድ ቦታ ተነስቶ የሚለካ ሰው ዛፍ ማየቱ አይቀርም፤ ቅርንጫፎቹን የሚያገናኙት መስመሮች አይታዩትም። ዛፉን የፈጠረው አለካኩ ነው!

ፍራክታል ቢያጎሉት ያው ቅርጽ ይመጣል። ኢንተርኔትን ግን አጉልታችሁ እዩ። ቢሮ ውስጥ የኬብሉን መንገድ የሚወስኑት የሕንፃው ኮሪደርና የስዊቹ (የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው መሣሪያ) ፖርት ብዛት ናቸው። ከተማ ውስጥ ፋይበሩ ብዙ ጊዜ በቀለበት ይዘረጋል፤ አንዱ ጎን በቁፋሮ ቢበጠስ በሌላው እንዲዞር። በአገሮች መካከል የሚወስኑት የኩባንያዎች ውልና የመንግሥታት ፈቃድ ናቸው። ዳታን ወደ መድረሻው የሚመራው መሣሪያ፣ ራውተሩም፣ የማስተላለፍ አቅሙ ውስን ነው፤ ወይ ብዙ ቀጫጭን መስመሮችን ይይዛል፣ ወይ ጥቂት ወፋፍራሞችን። ስለዚህ ብዙ ግንኙነት ያላቸው ራውተሮች የሚገኙት ደንበኛው ባለበት ጠርዝ ላይ ነው፤ የመሃሉን ከባድ ጭነት የሚሸከሙት ጥቂት መስመር ያላቸው ናቸው። ጠርዙ ከመሃሉ እንዲህ እየተቃረነ «ራሱን ይደግማል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሶንግ፣ ሃቭሊንና ማክሴ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የድረ ገጾች ትስስር፣ ማለትም ገጾቹ እርስ በርስ በሊንክ የሚያያዙበት መረብ፣ ፍራክታል መሆኑን አሳይተዋል። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች፣ እነዚሁ ተመራማሪዎች ኢንተርኔትን፣ ማለትም የራውተሮቹንና የመስመሮቹን መረብ፣ ፍራክታል ካልሆኑት ጎራ መመደባቸውን ለምን ይዘሉታል?

የዳታ ፍሰቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቤልኮር የተባለው የአሜሪካ የቴሌኮም ምርምር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 የለካው የኢተርኔት (የቢሮ ውስጥ ኔትወርክ) ትራፊክ በአጭርም በረጅምም ጊዜ ሲታይ መዋዠቁ እንደ ፍራክታል ተመሳሳይ ነበር፤ ግኝቱም ጠቃሚ ነው። ግን እሱ የሚናገረው ስለ ፍሰቱ ነው፤ ስለ መስመሮቹ አንዳች አይልም።

ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ የባሕር ኬብል ጋር የምትደርሰው በጎረቤቶቿ ምድር አልፋ ነው። ታዲያ ተናጋሪው ይመልሱልን፦ የኔትወርካችን ፍራክታል ልኬት (የቅርጹን ውስብስብነት የሚገልጸው ቁጥር) 1.7 ሆነ 2.3፣ የጅቡቲው መስመር ሲቋረጥ ትራፊኩ በየት ይዙር? ሁለተኛ ፋይበርስ ለየትኛው ከተማ ይቅደም?